የአገሮችን የረጅም ጊዜ የውልደት አዝማሚያ ማነጻጸር፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

በባሕር ዳርና በጣና ዙሪያ ባሉ ቀበሌዎች በመረጃ ሰብሳቢነት፣ በኋላም በተቆጣጣሪነት ለዓመታት ሠርቻለሁ። የመመረቂያ ጽሑፍ የሚያዘጋጁ ተማሪዎች፣ የጤና ባለሙያዎች፣ አንዳንዴም ዜና ሰምተው ግራ የገባቸው ጎረቤቶቼ ስለ ውልደት ቁጥሮች የሚያነሷቸው ጥያቄዎች ተመሳሳይ ስለሆኑ መልሶቹን በአንድ ቦታ አስፍሬያቸዋለሁ። እስካሁን ካየኋቸው ስሕተቶች አብዛኞቹ የሚመነጩት ሁለት የተለያዩ ቁጥሮችን እንደ አንድ ቆጥሮ ጎን ለጎን ከማስቀመጥ ነው፤ ስለዚህ ከትርጉም እጀምራለሁ። የውጭ አገር መረጃዎችና የዳሰሳ ጥናቶቹ ዓመቶች እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር የተጻፉ ሲሆን፣ «ዓ.ም.» የሚል ያለበት ሁሉ በእኛ አቆጣጠር ነው።

«የውልደት መጠን» ሲባል የትኛው ቁጥር ነው?

በዕለት ተዕለት አነጋገር «የውልደት መጠን» የምንለው ቢያንስ ሁለት ነገሮችን ይሸፍናል። የመጀመሪያው ጥሬ የውልደት ምጣኔ ሲሆን፣ በአንድ ዓመት ውስጥ በሕይወት የተወለዱ ሕፃናት ለእያንዳንዱ 1,000 ሕዝብ ስንት እንደሆኑ ይነግረናል። ሁለተኛው ጠቅላላ የወሊድ ምጣኔ ነው፤ ይህም አንዲት ሴት ከ15 እስከ 49 ዓመት ባለው ዕድሜዋ፣ በዚያ ወቅት በየዕድሜው የታየውን የመውለድ ሁኔታ ተከትላ ብትሄድ በአማካይ ስንት ልጆች ትወልድ እንደነበር ይገልጻል።

ልዩነቱ ያለው በአካፋዩ ላይ ነው። ጥሬው ምጣኔ የሚካፈለው ሽማግሌውን፣ ሕፃኑንና ወንዱን ሁሉ ለያዘው ጠቅላላ ሕዝብ ስለሆነ፣ አረጋውያን በበዙበት አገር እያንዳንዷ ሴት ሁለት ልጅ ብትወልድ እንኳ ዝቅ ብሎ ይታያል። በአንጻሩ እንደ ባሕር ዳር ያለች፣ ለትምህርትና ለሥራ የሚመጡ ወጣቶች የሞሉባት ከተማ በሃያዎቹ ዕድሜ ያሉ ሴቶች ስለሚበዙባት፣ እያንዳንዷ እናት የምትወልደው ጥቂት ቢሆንም ጥሬው ምጣኔ ከፍ ሊል ይችላል። ለመጪው ዓመት ስንት ክትባት እንደሚያስፈልግ ወይም ከሰባት ዓመት በኋላ ስንት ሕፃን አንደኛ ክፍል እንደሚገባ ለማቀድ ጥሬው ቁጥር አስፈላጊ ነው። አገርን ከአገር፣ ዘመንን ከዘመን ለማነጻጸር ግን ጠቅላላ የወሊድ ምጣኔን መያዝ ይሻላል፤ ከዚህ በታች «ምጣኔ» ስል እሱን ማለቴ ነው።

ጠቅላላ የወሊድ ምጣኔ እንዴት ይሰላል?

ከ15 እስከ 49 ያለው ዕድሜ በአምስት በአምስት ዓመት በሰባት ይከፈላል። በእያንዳንዱ ክፍል ውስጥ ካሉ 1,000 ሴቶች በዓመት ስንት ሕፃናት እንደተወለዱ ይታያል። ለሒሳቡ ማሳያ ብቻ እንዲሆን ቁጥሮቹ ከታናሹ ዕድሜ ጀምሮ 60፣ 190፣ 210፣ 180፣ 120፣ 50 እና 10 ናቸው እንበል። ሲደመሩ 820 ይሆናሉ፤ አንዲት ሴት በእያንዳንዱ ክፍል አምስት ዓመት ስለምትቆይ በ5 ይባዛል፣ 4,100 ይመጣል፤ ለ1,000 ሴቶች ሲካፈል 4.1 ልጅ በአንድ ሴት ማለት ነው።

በዚህ ስሌት ውስጥ የአርባ አምስት ዓመቷ እናትና የሃያ ሁለት ዓመቷ ልጇ አብረው አሉ። እናቲቱ ሰባት ወልዳ ይሆናል፣ ልጅቷ ደግሞ ሁለት ብቻ ለመውለድ አስባ ይሆናል፤ 4.1 የሁለቱም ታሪክ አይደለም። የአንድ ወቅት ፎቶግራፍ ነው፣ ይህንን የዘነጋ ሰው ኋላ ላይ በማነሣቸው የጃፓንና የስዊድን ምሳሌዎች መሳሳቱ አይቀርም።

ቁጥሮቹ የሚገኙት ከየት ነው? የሁሉም አገር መረጃ እኩል ይታመናል?

ምንጩ ከአገር አገር ይለያያል። ስዊድን ከ1749 ጀምሮ የሕዝቧን ልደትና ሞት በአገር አቀፍ ደረጃ ስትመዘግብ ኖራለች፤ በጃፓንና በደቡብ ኮሪያም እያንዳንዱ ልደት ይመዘገባል። በእኛ አገር የወሳኝ ኩነት ምዝገባ በአገር አቀፍ ደረጃ የተጀመረው በ2008 ዓ.ም. ነው፤ የሕዝብና ቤት ቆጠራም የተካሄደው በ1976፣ በ1987 እና በ1999 ዓ.ም. ብቻ ነው። ስለዚህ የኢትዮጵያ ምጣኔ በዋናነት የሚታወቀው ቤት ለቤት በሚደረጉ የሥነ ሕዝብና ጤና ዳሰሳ ጥናቶች ነው፤ በ2016ቱ ጥናት 15,683 ሴቶች ተጠይቀዋል። አንዲት ሴት የወለደቻቸውን ልጆች ሁሉ ከበኩሩ ጀምራ በየተራ ትናገራለች፤ ከዚያ ንግግር ተነሥቶ ነው ምጣኔው የሚሰላው።

ይህ ምን ማለት እንደሆነ የገባኝ በዘጌ ነው። ከቡናው ጥላ ሥር በርጩማ ላይ ተቀምጠው ሰፌድ ላይ ቡና የሚለቅሙ እናት ዘንድ ደርሰን፣ አብራኝ የነበረችው ወጣት መረጃ ሰብሳቢ «እትዬ፣ ስንት ልጅ ወልደዋል?» ብላ ጠየቀቻቸው። «አምስት» አሉ። መጠይቁ ቀጥሎ፣ ሲወለድ አልቅሶ ወይም የሕይወት ምልክት አሳይቶ በኋላ የሞተ ልጅ እንደነበረ ያስጠይቃል፤ ልጅቷ ድምጿን ዝቅ አድርጋ ጠየቀች። እናትዮዋ በጣቶቻቸው የያዙትን ፍሬ ወደ ሰፌዱ መልሰው ጥቂት ዝም አሉና፣ «አንዲት ነበረች ልጄ፤ ክርስትና ሳትነሣ ነው የሄደችብኝ። እሷም ትቆጠራለች እንዴ?» አሉ። ትቆጠራለች። ስድስት ተብሎ ተጻፈ።

ያ ጥያቄ በጥድፊያ ቢታለፍ ኖሮ ምጣኔውም የሕፃናት ሞቱም ከእውነቱ ዝቅ ይሉ ነበር። የሌሎች ስሕተቶች አካሄድም የታወቀ ነው። ዕድሜ የማያውቅ ሰው ወደ 30፣ 35 ወይም 40 ያጠጋጋል። መረጃ ሰብሳቢም ላለፉት አምስት ዓመታት ለተወለዱ ሕፃናት የሚሞላው የጤና ክፍል ረጅም ስለሆነ፣ ሲደክመው አንዱን ልጅ ወደ ስድስተኛው ዓመት ሊገፋው ይችላል፤ ያኔ የቅርቡ ጊዜ ውልደት ሳይቀንስ የቀነሰ ይመስላል። ተቆጣጣሪ ሆኜ በየማታው መጠይቆቹን ሳገላብጥ መጀመሪያ የምፈልገው ይህንን ነበር፤ አምስተኛው ዓመት ጎድሎ ስድስተኛው ከበዛ በማግሥቱ ተመልሰን እንጠይቃለን።

የእኛ የዘመን አቆጣጠር በንጽጽሩ ላይ ለውጥ ያመጣል?

ያመጣል፤ ብዙ ጊዜም ሳይታወቅ። የዘጌዋ እናት የአራተኛ ልጃቸውን ልደት ያስታወሱት «ሚሌኒየም ከመባሉ በፊት በነበረው ጥምቀት፣ በአስተርእዮ ማርያም ክርስትና የተነሣው ነው» ብለው ነው። ወንድ ልጅ በ40 ቀኑ ስለሚጠመቅ ከጥር 21 ወደ ኋላ ቆጥረን ታኅሣሥ 1999 ዓ.ም. ሁለተኛ ሳምንት ላይ ደረስን። ይህ በፈረንጆቹ ዲሴምበር 2006 ነው። ሁልጊዜ 8 የሚደምር ሰው ግን 2007 ብሎ ይመዘግበዋል። ከመስከረም 1 እስከ ታኅሣሥ ሦስተኛ ሳምንት ማብቂያ ለሚወለዱ ልጆች የሚደመረው 7 ነው፤ ይህም ከዓመቱ ሢሶ የሚጠጋ ጊዜ ስለሆነ፣ ስሕተቱ በሺዎች መጠይቆች ላይ ሲደጋገም የአንዱን ዓመት ውልደት ወደ ሌላው ያሻግራል።

በግራፍ ላይም እንዲሁ ነው። የ2000፣ የ2005፣ የ2011 እና የ2016 ጥናቶች የተካሄዱት በ1992፣ በ1997፣ በ2003 እና በ2008 ዓ.ም. ነው። ከዚህም በላይ ምጣኔያቸው ከጥናቱ በፊት ያሉትን ሦስት ዓመታት የሚመለከት ነው። የ2016ቱን ቁጥር ጃፓን በ2016 ከመዘገበችው የአንድ ዓመት ቁጥር አጠገብ ሲያስቀምጡ ይህንን መግለጽ ይገባል።

የሆስፒታል የማዋለጃ መዝገብን መጠቀም አይቻልም?

ለሌላ ጥናት ይጠቅማል፤ ለምጣኔ ግን አይሆንም። ባሕር ዳር ባሉት ትልልቅ ሆስፒታሎች የሚወልዱት የከተማዋ ነዋሪዎች ብቻ አይደሉም፤ ምጥ ሲጠና ከሜጫ፣ ከደራ፣ ከፎገራ በሪፈር የሚመጡ፣ ከደቅ ደሴት በጀልባ የሚሻገሩ እናቶች አሉ። የእነርሱን ልጆች ቆጥሮ ለባሕር ዳር ሕዝብ ማካፈል የከተማዋን ውልደት ያለ አግባብ ከፍ ያደርገዋል። በሌላ በኩል እቤቷ የወለደች እናት በመዝገቡ የለችም። መንገድ ሲዘጋ ወይም ሰላም ሲደፈርስ የማዋለጃ ክፍሉ ቁጥር ይወርዳል፣ ይህ ግን እናቶች መድረስ አለመቻላቸውን እንጂ መውለድ መቀነሳቸውን አያሳይም። ልደት መቆጠር ያለበት እናት በምትኖርበት ቦታ ነው።

የኢትዮጵያ አዝማሚያ ምን ይመስላል?

በ1990 የተካሄደው የቤተሰብና የውልደት ጥናት 6.4 አገኘ። ከዚያ በኋላ የሥነ ሕዝብና ጤና ዳሰሳዎቹ በ2000 5.5፣ በ2005 5.4፣ በ2011 4.8፣ በ2016 4.6 አሳይተዋል። የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት የቅርብ ግምት ወደ 4 ይጠጋል። ዝንባሌው ወደ ታች ነው፤ አካሄዱ ግን እኩል አይደለም፤ በ2000 እና በ2005 መካከል የቆመ ይመስል ነበር፣ ከዚያ ወረደ፣ እንደገና ዘገየ።

አንዱ አገራዊ ቁጥር የሚሸፍነው ልዩነት ግን እጅግ ሰፊ ነው። በ2016 አዲስ አበባ 1.8፣ አማራ ክልል 3.7፣ ኦሮሚያ 5.4፣ ሶማሌ ክልል 7.2 ነበሩ። ከተማ 2.3፣ ገጠር 5.2። ምንም ያልተማሩ ሴቶች 5.7 ሲሆኑ፣ ከሁለተኛ ደረጃ በላይ የተማሩት 1.9። በ2005 አዲስ አበባ ላይ የተገኘው 1.4 በዚያው ጊዜ ጀርመን ከነበራት ጋር የሚቀራረብ ነው። በአንድ አገር ድንበር ውስጥ አውሮፓም አለ፣ ምጣኔዋ እጅግ ከፍተኛ የሆነው ኒጀርም አለች ማለት ይቻላል። «ኢትዮጵያ 4.6 ናት» ብሎ ከሌላ አገር ጋር ማነጻጸር የሚጀምር ተማሪ፣ ቢያንስ አንድ አንቀጽ ለዚህ ልዩነት እንዲሰጥ ሁልጊዜ እጠይቃለሁ።

በአማራ ክልል ሴቶች ቶሎ እያገቡ ምጣኔው ለምን ወረደ?

ይህን ጥያቄ ከሁሉ አብልጬ እወደዋለሁ፤ በመጻሕፍት የሚገኘውን የተለመደ መንገድ የማይከተል ነውና። በክልሉ በ2000 5.9 የነበረው በ2005 5.1፣ በ2011 4.2፣ በ2016 3.7 ሆነ። በአሥራ ስድስት ዓመት ከሁለት ልጅ በላይ ቀንሷል። ሆኖም የክልሉ ሴቶች በአገሪቱ ቀድመው ከሚያገቡት መካከል ናቸው፤ የጋብቻ ዝቅተኛ ዕድሜ በሕግ 18 ቢሆንም።

ሥነ ሕዝብ አጥኚዎች ውልደትን በቀጥታ የሚወስኑ ነገሮችን ለይተው ያስቀምጣሉ፤ ጋብቻ፣ የወሊድ መከላከያ፣ ፅንስ ማቋረጥ፣ እንዲሁም ከወሊድ በኋላ ጡት በማጥባት ሳቢያ የማይፀነስበት ጊዜ። ኑሮ፣ ትምህርት፣ መሬት፣ ከተማ መግባት፣ ሌላው ሁሉ በእነዚህ በኩል ነው የሚሠራው። አዲስ አበባ ላይ ዋናው በር ጋብቻ ነው፤ ሴቶች ዘግይተው ያገባሉ፣ ያላገቡም ብዙ ናቸው። በጣና ዳርቻ ገጠሮች ግን ሴቲቱ በአሥራዎቹ ዕድሜ አግብታ፣ የመጀመሪያውን ልጅ ቶሎ ወልዳ፣ ቀጣዮቹን ማራራቅ ትጀምራለች። ስለዚህ እዚህ ዋናው በር መከላከያ ነው። በአገር ደረጃ በ2000 ካገቡ ሴቶች የወሊድ መከላከያ የሚጠቀሙት 8 በመቶ ነበሩ፤ በ2016 36 በመቶ ሲደርሱ በአማራ ክልል 47 በመቶ ሆነዋል። አብዛኛዎቹ የሚመርጡት በየሦስት ወሩ የሚወሰደውን መርፌ ነው። ከ1995 ዓ.ም. በኋላ የተስፋፋው የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም መርፌውን ወደ ቀበሌው ጤና ኬላ አመጣው፤ ሴቲቱ ገበያ ውላ ስትመለስ ጎራ ብላ ተወግታ ትሄዳለች።

ምክንያቱን ሲጠየቁ ግን እናቶቹ መጀመሪያ የሚያነሡት መርፌውን አይደለም። መሬቱን ነው። «ለአራት ወንድ ልጅ ምኑን አካፍላለሁ?» የሚለውን ቃል በተለያየ አነጋገር ስንት ጊዜ እንደሰማሁት አላስታውስም። የሕፃናት ሞት መቀነሱም ይጨመርበት፤ በአገር ደረጃ ከ1,000 ሕፃናት ዓመት ሳይሞላቸው የሚሞቱት በ2000 97 ነበሩ፣ በ2016 48 ሆኑ። የወለዷቸው ልጆች እንደሚያድጉላቸው ሲያምኑ ወላጆች ለመጠባበቂያ መውለድ ይተዋሉ።

ኢትዮጵያን ከደቡብ ኮሪያ ጋር ማነጻጸር ተገቢ ነው?

በተመሳሳይ ዓመት ላይ ካስቀመጧቸው ብዙ አይነግርም። ኮሪያ በ2023 0.72 ነበረች፤ ይህን ከእኛ ቁጥር ጎን ማስቀመጥ ሁለት መንገደኞችን አንዱ ባሕር ዳር፣ ሌላው ጎንደር ላይ ሳሉ ፍጥነታቸውን እንደ መገመት ነው። ሁለቱን ከመነሻቸው ጀምሮ ማየት ይሻላል። ኮሪያ በ1960 ገደማ ወደ 6 ነበረች፤ በ1983 አንድ ትውልድ ራሱን ከሚተካበት ከ2.1 በታች ወረደች። ሃያ ሦስት ዓመት ያህል ነው። ኢትዮጵያ ከ6.4 ተነሥታ በሃያ ስድስት ዓመት የደረሰችው 4.6 ላይ ነው። እንዲህ ሲታይ የእኛ መንገድ ቀስ ያለ መሆኑ ግልጽ ይሆናል።

እንደኔ እምነት ግን ለእኛ ከኮሪያ ይልቅ ኢራን ታስተምራለች። በ1980ዎቹ መጀመሪያ 6.5 ገደማ የነበረችው ኢራን በሁለት አሥርት ዓመታት ውስጥ ከ2.1 በታች ደረሰች። በ1989 የቤተሰብ ዕቅድ አገልግሎቱን በይፋ ስታነቃቃ በየመንደሩ የጤና ቤቶች፣ ከመንደሩም የወጡ ባለሙያዎች ነበሯት፤ ሴት ልጆችም በብዛት ትምህርት ቤት ገብተው ነበር። የእኛን ጤና ኬላ ለሚያውቅ ሰው ይህ እንግዳ አይደለም። ፈረንሳይ ደግሞ የሌላው ጥግ ናት፤ ውልደቷ መውረድ የጀመረው በ18ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ፣ ዘመናዊ መከላከያ ሳይኖር ነው፤ ከአንድ ምዕተ ዓመት በላይ ወስዶባታል።

የአንድ ዓመት መውደቅ ወይም መጨመር አዝማሚያ ነው?

አይደለም። ጃፓን በ1965 2.14 ነበረች፤ በ1966 በአንድ ዓመት ወደ 1.58 ወደቀች፤ በ1967 ተመልሳ 2.23 ሆነች። ምክንያቱ ያ ዓመት በባህላዊው አቆጣጠር «የእሳት ፈረስ» ዓመት መሆኑ ነበር፤ በዚያ የምትወለድ ሴት ለባሏ አትበጅም የሚል እምነት ስለነበረ ባልና ሚስቶች ልደቱን ወደ ፊት ወይም ወደ ኋላ አሸጋገሩት። ሩማንያ ደግሞ በ1966 ፅንስ ማቋረጥን በአዋጅ ስትከለክል ከ1.9 ወደ 3.7 ገደማ በአንድ ዓመት ዘለለች፤ ሰው መላ ሲያበጅ ቁጥሩ እንደገና መውረድ ጀመረ። ከ1966 እስከ 1967 ያለውን ብቻ ቆርጦ ያየ ሰው ስለ ሁለቱም አገሮች የተሳሳተ ታሪክ ይጽፋል።

የስዊድን ጉዳይ ረቂቅ ነው። በ1990 2.1፣ በ1999 1.5፣ በ2010 ወደ 2 ተጠግታ፣ በ2024 1.43 ሆናለች። ሴቶች ልጅ መውለዱን በጥቂት ዓመት ሲያዘገዩ፣ በመጨረሻ የሚወልዱት ቁጥር ባይቀየር እንኳ የየዓመቱ ምጣኔ ይወርዳል፤ መውለድ ሲጀምሩ ይመለሳል። ይህን ለመለየት በአንድ ዘመን የተወለዱ ሴቶች የመውለጃ ዕድሜያቸው ካበቃ በኋላ ስንት እንደወለዱ ማየት ያስፈልጋል። ጉድለቱ መልሱ እስኪታወቅ አርባ አምስት፣ ሃምሳ ዓመት መጠበቅ ነው።

በሁለት ጥናቶች መካከል ትንሽ ልዩነት ሲታይ ምን ይባላል?

ኬንያን እንይ። በ1977–78 8.1 ነበረች፤ በ1998 4.7 ደረሰች፤ በ2003 4.9፣ በ2008–09 4.6፣ በ2014 3.9፣ በ2022 3.4። የ2003ቱ ሲወጣ «ውልደት ጨመረ» ተባለ። ጥናቱ የተወሰኑ ቤቶችን ብቻ ስለሚጠይቅ 4.7 እና 4.9ን በእርግጠኝነት መለየት አይቻልም፤ በትክክል ሊባል የሚችለው «መውረዱ ቆመ» ነው፤ ይህም ራሱ ትልቅ ዜና ነበር። በኢትዮጵያ 4.8 እና 4.6 መካከል ያለውንም በዚሁ ጥንቃቄ ማንበብ ያስፈልጋል።

2.1 የሚባለው ቁጥር ከየት መጣ?

አንድ ትውልድ ራሱን በእኩል ቁጥር የሚተካበት ደረጃ ነው። ሁለት ወላጅ ሁለት ልጅ ይተካል፤ ትርፉ የመጣው ለ100 ሴት ሕፃናት 105 ያህል ወንድ ስለሚወለዱና ከሴቶቹም ለመውለድ ዕድሜ ሳይደርሱ የሚሞቱ ስላሉ ነው። የሕፃናት ሞት በበዛበት አገር የመተኪያው ደረጃ ከ2.1 ከፍ ይላል፤ ስለዚህ 2.1 ለሁሉም ዘመንና አገር የሚሠራ ድንበር አይደለም።

ምጣኔው 2.1 በደረሰ ማግሥት ሕዝብ ማደጉን ያቆማል ብሎ ማሰብም ስሕተት ነው። ትናንት የተወለዱት ብዙ ሴት ልጆች ገና እናት ይሆናሉ፤ ሁለት ሁለት ብቻ ቢወልዱ እንኳ ከሚሞቱት አረጋውያን ይበልጣሉ። ቻይና ከመተኪያው ደረጃ በታች ከወረደች ከሠላሳ ዓመት ገደማ በኋላ ነው በ2022 ሕዝቧ የቀነሰው።

መንግሥት በፖሊሲ ምጣኔውን እንደፈለገ መለወጥ ይችላል?

ከሚታሰበው ያነሰ ነው። ቻይና በግዳጅ አንድ ልጅ ብላ ያወጀችው በ1980 አካባቢ ነው፤ ትልቁ መውረድ ግን ከ6 ገደማ ወደ 3 በታች፣ ከዚያ በፊት በነበሩት አሥር ዓመታት ተፈጽሞ ነበር። ገደቡ ከ2016 ጀምሮ ሲላላም ምጣኔው ዘላቂ በሆነ መንገድ አልተነሣም። ኮሪያም ለልጅ አሳዳጊዎች ብዙ ገንዘብ መድባ በ2024 የደረሰችው 0.75 ነው።

የእኛ የ1985 ዓ.ም. የሕዝብ ፖሊሲ በግዳጅ ላይ አልተመሠረተም፤ እንደ ፈረንጆቹ እስከ 2015 ድረስ ምጣኔውን በጊዜው መነሻ ካደረገው 7.7 ወደ 4.0፣ የወሊድ መከላከያ ተጠቃሚዎችን ከ4 ወደ 44 በመቶ ለማድረስ አለመ። በ2016 የተገኘው 4.6 እና 36 ነው። ግቡ አልተመታም፣ ነገር ግን መንገዱ ይኸው ነበር። ፖሊሲ የሚሠራው ሴቲቱ አስቀድማ የምትፈልገውን ነገር ቅርብ ሲያደርግላት ነው ብዬ አምናለሁ፤ ያለፈቃዷ የሚገፋ ሁሉ በመጨረሻ በሷ ጤናና ሕይወት ላይ ይከፈላል። ሩማንያ ውስጥ በስውር ፅንስ ሲያቋርጡ የሞቱት ሴቶች ለዚህ ምስክር ናቸው።

ዝቅተኛ ምጣኔ ያለው አገር የተሻለ ነው?

የውድድር ሰንጠረዥ አይደለም። ሰባት የምትወልድ ሴት አራት ፈልጋ ከሆነ ችግር አለ፤ አንድም የሌላት ሴት ሁለት ፈልጋ የቤት ኪራይና የሥራ ሰዓት ከከለከላት እዚያም ችግር አለ። ዓለም በአማካይ በ1960ዎቹ 5 ያህል የነበረችው ዛሬ ከ2.3 በታች ናት፤ ከአገሮችም ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ከመተኪያው በታች ናቸው። በየትኛውም ቦታ ልጠይቀው የምወደው ጥያቄ የተፈለገውና የተወለደው ምን ያህል እንደሚራራቁ ነው፤ የዳሰሳ ጥናቶቹም ይህን ለብቻው ይለካሉ።

ባሕር ዳርን ብቻዋን ከሌላ አገር ከተማ ጋር ማነጻጸር ይቻላል?

ከዳሰሳ ጥናቱ በቀጥታ አይቻልም። የተጠያቂዎቹ ናሙና የተዘጋጀው ለክልልና ለከተማ አስተዳደር ስለሆነ አዲስ አበባና ድሬዳዋ የራሳቸው ቁጥር አላቸው፤ በባሕር ዳር የሚጠየቁት ሴቶች ግን ለከተማዋ ብቻ ምጣኔ ለማስላት በጣም ጥቂት ናቸው። አንዳንድ ተማሪዎች የክልሉን 3.7 ወስደው «የባሕር ዳር» ብለው ይጽፋሉ፤ ይህ የሜጫንና የቋራን ገጠር በከተማዋ ስም መጥራት ነው። የሚሻለው የክልሉን ከተሞች በአንድነት መውሰድ፣ ወይም በ1999 ዓ.ም. ቆጠራ ለከተማዋ የተመዘገቡትን ሴቶችና ሕፃናት በዕድሜ ከፍሎ ማስላት ነው። ቁጥሩ ግን የዚያን ዘመን ባሕር ዳር ነው የሚያሳየው፤ በርዕሱም ላይ ዓመቱን በግልጽ ማስፈር ይገባል። የወሳኝ ኩነት ምዝገባው በየቀበሌው ተሟልቶ እናቲቱ በምትኖርበት አድራሻ ሲያዝ ከተማዋ የራሷን ምጣኔ በየዓመቱ ማየት ትችላለች፤ ስለዚህ ልጅ የወለዳችሁ ሁሉ ልደቱን በ90 ቀን ውስጥ ቀበሌያችሁ ሄዳችሁ አስመዝግቡ።